የኩሬው ምስክሮች

የባትሪ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በላቦራቶሪ ውጤት አያምኑም፤ የሚያምኑት በዳክዬ ነው። ከፋብሪካው የሚወጣው ውሃ በሚጠራቀምበት ኩሬ ውስጥ ነጫጭ ዳክዬዎችን አሰማርተው፣ በዳሩ የእምነ በረድ ሰሌዳ አቁመው፣ «ዳክዬ አይዋሽም» የሚል ቃል በወርቅ ቀለም አስጽፈውበታል። ቃሉ የራሳቸው ነበርና በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር እንደ አዲስ ያነቡታል።

ዳክዬዎቹም እውነት ነው፣ አልዋሹም። ኩሬው ውስጥ ጥቂት ከሰነበቱ በኋላ ክንፋቸው እንደ ተሰበረ ጃንጥላ ይንጠለጠላል፤ ኩሳቸው አረንጓዴ ይሆናል፤ አንገታቸው የገዛ ራሳቸውን መሸከም ያቅተዋል፤ ሲራመዱም ከመሸታ ቤት እንደ ወጣ ሰው ይንገዳገዳሉ። የእንስሳት ሐኪም ተጠርቶ፣ «የእርሳስ መርዝ ነው፤ ከጭቃው ጋር እየዋጡት ነው» ቢል፣ ሥራ አስኪያጁ ከእግር እስከ ራሱ ገላመጡት።

«ስንፍና ነው እንጂ! ቀለቡ በነጻ፣ መዋኛው በነጻ! ምን ያልተደረገላቸው ነገር አለ?»

ሐኪሙ ዳግመኛ አልተጠራም። ከዚያ ወዲህ ክንፏን የጣለች ዳክዬ ሁሉ «ጡረታ ወጣች» ተብላ በሌላ ትተካለች። ይህን ሥራ የያዘው የሚስታቸው ወንድም፣ የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ነው። «ከዓይኔ አርቅልኝ» ከማለት በቀር ጡረተኞቹ የት እንደሚደርሱ ሥራ አስኪያጁ ጠይቀው አያውቁም። እርሳቸውንም በቅርቡ ሆዳቸውን ይቆርጣቸው፣ ሲፈርሙም እጃቸውን ያንቀጠቅጣቸው ጀምሯል፤ ነገር ግን ይህ የኃላፊነት ሕመም ስለሆነ ኮርተውበታል።

አንድ ቀን የቦርዱ ሰብሳቢ ለጉብኝት እንደሚመጡ ተነገረ። ሰብሳቢዋ ከወደዱ፣ ሥራ አስኪያጁ የፋብሪካዎቹ ሁሉ የበላይ ይሆናሉ። ባለቤታቸው ለአዲሱ ቤት መጋረጃ አስለክተው ጨርሰዋል።

በጉብኝቱ ጠዋት አዳዲስ ዳክዬዎች የታሰሩበት ገመድ ምልክት ከእግራቸው ሳይጠፋ ኩሬው ዳር ተለቀቁ። ውሃውን አዩት፤ ተያዩ፤ ከዚያም ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆሙ። የሚስት ወንድም በመጥረጊያ ቢገፋቸው በመጥረጊያው ላይ ዘለው አመለጡ።

«አይዋኙም እንዴ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ጨዋዎች ናቸው፣ ክብርት ሰብሳቢ፤ እንግዳ ፊት ገላቸውን አይታጠቡም» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ሰብሳቢዋ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ሁሉም እየተሳሳቀ ወደ ምሳ አዳራሹ ገባ።

በምሳው ላይ የተጠበሰ ወፍ ቀረበ። ሰብሳቢዋ አንድ ጭን አንስተው ቀመሱ።

«አጠባበሱ ግሩም ነው፤ ግን ከሲታ ነው። የምን ሥጋ ነው?»

የሚስት ወንድም ደረቱን ነፋ። «ዳክዬ ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ! ከዚሁ ከራሳችን ኩሬ!»

በሥራ አስኪያጁ አፍ ውስጥ የነበረው ጉርሻ ባለበት ቆመ። ወደ አማቻቸው ጆሮ ዘንበል አሉ።

«አንተ! የትኞቹን ነው?»

«ጡረተኞቹን ነዋ፣ ጋሼ። የሞቱትንማ ጣልኳቸው፤ እኔም እኮ ሰው ነኝ! በእግራቸው የቆሙትን ብቻ ነው ያሳረድኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁልጊዜም! እሑድ እሑድ እቤትዎ የሚበሉት ታዲያ ምን መስሎዎት ነው? እቴቴ እንደሆነች ሥጋ ሲባክን አንጀቷ አይችልም።»

ሰብሳቢዋ ሁለተኛውን ጉርሻ ከአፋቸው ሳያደርሱ የሥራ አስኪያጁን ፊት አዩ።

«ምነው፣ ላብ አጠመቀዎት? ሥጋው ነገር አለው እንዴ?»

አንድ «አዎ» የሰውን ሁሉ እጅ ከሳህን ላይ ታስነሣ ነበር። ነገር ግን ከዚያች «አዎ» በስተጀርባ ሰሌዳውና ሹመቱ፣ የተለካውም መጋረጃ ተሰልፈዋል። ቃሏ እስከ ጉሮሯቸው ድረስ ወጣች፤ እዚያም ከሥጋው ጋር ተገናኘች። ሁለቱንም አንድ ላይ ዋጧቸው።

«ነገር? ክብርት ሰብሳቢ፣ ዳክዬ አይዋሽም!» አሉና ከሁሉ የሚተልቀውን ብልት አነሡ።

ተጨበጨበ። ሰብሳቢዋም በሉ፤ የበላውም ሁሉ አመሰገነ።

ሹመቱ ብዙ ሳይቆይ መጣ፤ በየፋብሪካውም ኩሬ እንዲቆፈር ታዘዘ። የእሑዱ ምሳ በአዲሱ ቤት፣ በአዲሱ መጋረጃ ሥር ቀረበ። ሚስትየዋ የሳህኑን ክዳን ሲከፍቱ ያው የታወቀው ከሲታ ጭን ብቅ አለ። አማችየው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ «ይብሉ እንጂ፣ ጋሼ! በሹመት ይጠገባል እንዴ?» ይላል።

አዲሱ የበላይ እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ። እጃቸው ግን ከአንጓው ታጥፎ፣ እንደ ተሰበረ ጃንጥላ ተንጠለጠለ። ቢያነሡት እንቢ አለ።

«ውይ በሞትኩት! ምን ሆነብዎት?» አሉ ሚስትየዋ ደንግጠው።

የበላዩ እጃቸውን አዩ፤ አማቻቸውን አዩ፤ ሳህኑንም አዩ።

«ስንፍና ነው» አሉና በግራ እጃቸው ጎረሱ።