የመንደሪን በር ሦስተኛ ሸክላ

የግድግዳው ሰዓት ስድስት ከሩብ ይላል። ግሌንዳ ሃስኬል አላየውም ብላ ብትምልም ዓይኗ እየሄደ እዚያው ያርፋል። ስቱዲዮው የተሰጣቸው ከጠዋቱ አራት እስከ ሰባት ሰዓት ነው፤ የሙዚቀኞች ማኅበር አንድን ቀረጻ በሦስት ሰዓት ወስኖታል፣ ለማይታወቅ ጓድ ብሎ ደቂቃ የሚጨምር ሰው ደግሞ ሆሊውድ ውስጥ አልተፈጠረም።

ኮሪደሩ ላይ ሦስት ቅጥር ዘፋኞች ተቀምጠዋል፤ አንደኛዋ ሹራብ ትሠራለች። እነዚህ ኖታ ከሰጧቸው በሃያ ደቂቃ ዘፍነው ወደ ምሳቸው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ሸክላው ላይ ስማቸው አይጻፍም። የሚጻፈው «መንደሪን በር» ነው፣ የእነ ግሌንዳ ጓድ ስም። ፕሮዲውሰሩ ሌኒ ፎስ ጠዋት ነገሩን ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል፦

«እስከ ስድስት ከአርባ ደህና ቅጂ ካልሰጣችሁኝ እነሱ ይገባሉ። እናንተ ለፎቶው ፈገግ ትላላችሁ።»

አራቱም ከፖሞና የብርቱካን እርሻ አካባቢ የመጡ ናቸው፦ ግሌንዳ፣ ታናሽ ወንድሟ ዌንዴል፣ ቀጭን ድምፅ ያላት ትሩዲና ወፍራሙን የሚይዘው ክላይድ። መጀመሪያ የድሮ ባላገር ዘፈን ይዘው በየካፌው ዞሩ። ከዚያ ዌንዴል አሥራ ሁለት ክር ያለው የኤሌክትሪክ ጊታር ገዛና ያንኑ ባላገር ዘፈን ከሮክ ጋር ቀላቅለው ፎክ ሮክ ሆኑ። ሁለት ሸክላ አወጡ፤ ከአክስቶቻቸው በቀር የገዛቸው የለም። አሁን ኩባንያው የፈለገው ፀሐይ ፀሐይ የሚል፣ ሰው መኪና እየነዳ የሚያፏጨው ዘፈን ነው። ሙዚቃውን ትናንት ቅጥር ሙዚቀኞች ተጫውተው ጨርሰውታል። ዌንዴል ጊታሩን ከሣጥኑ እንኳ አላወጣም። የቀራቸው ድምፃቸው ብቻ ነው፣ እሱም እጃቸው ላይ እየቀለጠ ነው።

«እንደገና» አለ ሌኒ ከመስታወቱ ጀርባ፣ በድምፅ ማጉያው። «ልጆቼ፣ አሁንም ከቅኝት ወርዳችኋል። አራታችሁም! አንድ ሰው ቢሳሳት ይገባኛል። አራት ሰው ተስማምቶ እንዴት ይሳሳታል?»

«ማዳመጫው ነው» አለ ክላይድ ጆሮውን እያሻሸ። «ጭንቅላቴን እንደ ለውዝ ሊሰብረው ነው።»

«ጭንቅላትህ ባዶ ስለሆነ ነው» አለችው ትሩዲ። ማንም አልሳቀም። እሷ ራሷ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

አሥራ አንደኛውን ቅጂ ሞከሩ። አራቱም አንዷን ማይክሮፎን ከበው፣ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ጀመሩ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከሙዚቃው ሥር ቀስ ብሎ ሲንሸራተት ለግሌንዳም ተሰማት። ሌኒ አቋረጣቸው። ስድስት ከሃያ ሦስት።

ግሌንዳ የገባት ያን ጊዜ ነው። መንደሪን በር ፒያኖም መቃኛም ኖሮት አያውቅም። በክላይድ አባት ጋራዥ ውስጥ ሁልጊዜ ግሌንዳ አንድ ድምፅ ታወጣለች፣ ዌንዴል ጊታሩን በእሷ ይቃኛል፣ ሌሎቹ እሷን ይደገፋሉ። ድምፅዋ ከትክክለኛው ቅኝት የፀጉር ያህል ዝቅ ይላል፤ ግን ጊታሩም ሰዎቹም አብረዋት ዝቅ ስለሚሉ ስድስት ዓመት ሙሉ ያወቀ የለም። የትናንቶቹ ቅጥር ሙዚቀኞች ግን የተቃኙት በስቱዲዮው ፒያኖ ነው። ልጆቹ ሙዚቃውን ትተው እሷን ይከተላሉ። ምስኪኖቹ ሌላ መንገድ አያውቁም።

ብትነግራቸውስ? ትሩዲ ትደነግጣለች፣ ዌንዴል ይከራከራል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ድምፅዋን ከፍ ልታደርገው ሞክራ ነበር፤ ጉሮሮዋ እሺ አላላትም። በመስታወቱ ውስጥ ሌኒ ተነስቶ ወደ ኮሪደሩ በር ሲያይ አየችው።

ይህን ዘፈን ወንድሟ ሲጽፈው ሁለተኛውን ድምፅ ለእሷ ብሎ ነው የጻፈው። ሰው ሁሉ በሬዲዮ ሲሰማው «ይቺ እኔ ነኝ» ለማለት ነበር ስድስት ዓመት የለፋችው። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሚስተር ፎስ» አለች። «ከዚያ ይግቡ።»

«የመጨረሻ» አለ ሌኒ።

ሙዚቃው ጀመረ። ግሌንዳ አፏን ከፈተች፣ ከንፈሯን በቃሉ ልክ አንቀሳቀሰች፣ ድምፅ ግን አላወጣችም። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ሦስቱም ተወላገዱ። ትሩዲ ዓይኗን አፍጥጣ አየቻት። ግሌንዳ ፈገግ አለችላትና በጣቷ ማዳመጫዋን ነካ ነካ አደረገች፦ እሱን ስሚ። ትሩዲ ዓይኗን ጨፈነች። ድምፅዋ ወጣ፣ ወጣ፣ ሙዚቃው ላይ ቁጭ አለ። ክላይድ ተከተላት። ዌንዴል መጣ። ሦስት ድምፅ አንድ ላይ ሲጠራ ግሌንዳ ባንዴ ደስ አላትም፣ ቀናችም፤ እንዲህ ያምራሉ ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

«ይኸው!» ሌኒ ጮኸ። «እንደዚህ ነው እንጂ! አንዴ በላዩ ላይ ድገሙልኝ፣ ድምፁ እንዲወፍር።»

ደገሙ። ግሌንዳም ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች።

መቆጣጠሪያው ክፍል ገብተው ሲያደምጡ ትሩዲና ክላይድ ተቃቅፈው ዘለሉ። ዌንዴል ግን ግንባሩን ቋጥሮ ድምፅ ማጉያው ላይ ጆሮውን ደቀነ። ከዚያ እህቱን አያት።

«ግሌን፣ የለሽበትም እኮ» አለ በሹክሹክታ።

«ዝም በል።»

«ሚስተር ፎስ፣ አንድ ጊዜ…» ብሎ ሲጀምር እግሩን ረገጠችው፣ በተረከዟ፣ እስኪያቃስት።

«ምን ይላል?» አለ ሌኒ።

«ርቦት ነው» አለች ግሌንዳ። «ምንም አይነካ። በቃ፣ እንዳለ ይሁን።»

ሌኒ ወጥቶ ቅጥር ዘፋኞቹን አሰናበተ። ወንድሟን ልትገድለውም ልትስመውም ፈለገች።

ሸክላው በሰኔ ወጣ። አንዳንድ ከተሞች ወደዱት፣ ሌሎቹ አልሰሙትም። ጓዱ ከዚያ በኋላ የኖረው ዓመት ከመንፈቅ ብቻ ነው። ዘፈኑን መጀመሪያ በሬዲዮ የሰሙት ግን በሐምሌ፣ ወደ ቤከርስፊልድ ሲሄዱ፣ በክላይድ ሰባራ ቫን ውስጥ ነበር። ሁሉም ጮኹ። ትሩዲ ወንበሩን ደበደበች። ከዚያ ግሌንዳ ሳታስበው፣ ለእሷ የተጻፈላትን ድምፅ ይዛ ገባች።

ትሩዲ ተከተለቻት። ክላይድ መሪውን እንደያዘ ተከተላት፤ ዌንዴልም። አራቱም ከሬዲዮው ሥር ተንሸራተቱ፤ የራሳቸው ሸክላና ራሳቸው ተጋጭተው ጆሮ የሚያም ነገር ሆነ። ግሌንዳ ሰምታ አፏን ዘጋች።

ዌንዴል እጁን ሰዶ ሬዲዮውን አጠፋው።

«ቀጥይ» አላት።

ቀጠለች፤ ሦስቱም እሷን ተደግፈው ዘፈኑን ጨረሱት።