ባቡር ነጂው መሪ ሲይዝ

ኑ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ። ከሥሩ እሳት የሚነድበት ወለላችን ይበልጥ የሚሞቀው በዚህ በኩል ነው። እግራችሁን ከብርድ ልብሱ ሥር አስገቡ፤ ከቅርጫቱ መንደሪን አንሡ፤ ልጣጩን ሳህኑ ላይ ጣሉት። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ነጯ መኪናችንና ስለ ባለቤቴ ስለ ማንሶክ ነው። እሱ ጓሮ እንጨት እየፈለጠ ስለሆነ አይሰማንም። ቢሰማም ይስቃል እንጂ አይቆጣም።

ማንሶክ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ባቡር ነጂ ነበር። የባቡር ሰው ጠባይ መቼም ልዩ ነው። ምልክት ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። በጣቱ ያመለክትና ጮክ ብሎ ይጠራዋል፣ ብቻውን ቢሆን እንኳ። ጣትና አፍ ካላገዙት ዓይን ይሰንፋል ይላሉ። ቤት ከገባም በኋላ ልማዱ አልለቀቀውም። ልንወጣ ስንል ምድጃውን በጣቱ እያመለከተ፣ «ጋዝ፣ ጠፍቷል!» ይላል። ቀጥሎ፣ «በር፣ ተቆልፏል!» ጎረቤቶቻችን፣ «የጆምሬ ባል ዛሬም ማድቤቱን በሰዓቱ አስነሣው» እያሉ ይሳሳቁብናል። ጆምሬ እኔ ነኝ።

ታዲያ በዓል በመጣ ቁጥር አገሩን ሁሉ ወደ ዘመዱ የሚያደርሰው እሱ ነበር። እኔ ልጃችንን ሶራን አዝዬ፣ ሌላ ሰው በሚነዳው ባቡር ወደ እናቴ እሄዳለሁ። የተቀቀለ እንቁላልና መንደሪን ይዤ መስኮት ሥር እቀመጣለሁ። ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሁልጊዜ የማላውቀው ሰው ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ሶራ አድጋ በከተማ የሙዚቃ አስተማሪ ሆነች። አሮጌው የጭነት መኪናችን ሞተሩ ሲሞት ጊዜ ይህችን ነጭ መኪና ገዛችልን። መኪናዋ መንገድ ላይ የተቀባውን ነጭ መስመር እያየች፣ መሪውን በቀስታ ታግዛለች። ሶራ አባቷን አጠገቧ አስቀምጣ አሳየችው።

«አባባ፣ ልብ ብለው ይስሙኝ። እዚህ፣ ከውስጠኛው ስፖኪዮ ጀርባ ያለችው ካሜራ ናት። መስመሩን የምታይልዎት እሷ ናት። ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ይህች የመሪ ሥዕል አረንጓዴ ስትሆን መኪናዋ እያገዘችዎት ነው። ማገዝ ነው እንጂ መንዳት አይደለም። እጅዎ ከመሪው አይውረድ።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ።

ይግባው አይግባው እንጃ። ዕድሜውን ሙሉ ሐዲድ ይዞት የሄደ ሰው ነው። በልቡ ያንን ቀለም ከብረት ቆጥሮት ነበር።

በዚያው ቀን እንደ ደንባችን የሩዝ ጠላ ጎማዎቹ ላይ አፈሰስን፣ ሰገድን። በነጭ ክር የተጠመጠመ ትልቅ ደረቅ ዓሣም ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አኖርን። ደረቅ ዓሣ ዓይኑን አይከድንም፤ ክፉ ነገር ሲመጣ ያያል።

መኪናዋ የመንደሩ ሁሉ ደስታ ሆነች። አውቶቡስ ገደል ሥር ወዳለው መንደራችን እምብዛም አይመጣም። በገበያ ቀን ማንሶክ ባልቴቶቹን ሰብስቦ ወደ ገበያና ወደ ሙቅ መታጠቢያው ይወስዳቸዋል። ሲመለሱ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ በሳቅ ተሞልተው ነው። ከነሱ አንዷ፣ ፑንዮ የምትባለው ጎረቤታችን፣ ምስጋና መስሏት ለሶራ በስልክ ነገረቻት።

«አባትሽን ብታዪው! እጁን አጣጥፎ ነው የሚነዳው፣ እንደ ንጉሥ! መኪናዋ ስትጮህበት በአንድ ጣት መሪዋን ነካ ያደርጋል፣ ዝም ትላለች።»

ሶራ ወዲያው ደወለች። እኔ አጠገቡ ሆኜ ሰማሁ።

«አባባ፣ በአክስቴ ሰማንያ ዓመት በዓል አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ከኋላ ተቀምጬ አነዳድዎን አያለሁ። ካላመንሁበት ቁልፉን ይዤ እመለሳለሁ።»

አክስቷ ታላቅ እኅቴ ኦክቡን ናት፤ ከተራራው ማዶ፣ በጋንግኑንግ ባሕር ዳር ትኖራለች። ማንሶክ ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ቁልፉ ከሄደ እኛም ባልቴቶቹም እዚህ ገደል ሥር መቅረታችን ነው። ወሬው በአንድ ከሰዓት መንደሩን አዳረሰው። ፑንዮ በሩጫ መጣች።

«ምነው ምላሴን በቆረጠው! ማንሶክ፣ አደራህን፣ እንደ ተማሪ ሆነህ ንዳ። ገላችንን በባልዲ መታጠብ አታስጀምረን!»

በበዓሉ ቀን ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር፤ ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል። ወጥቼ ሳይ ማንሶክ ደረቁን ዓሣ ከኋላ አውጥቶ ስፖኪዮው ላይ በክር እያሰረ ነው፣ የዓሣውን ፊት ወደ መንገዱ አዙሮ።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«ፈተና ላይ ነኝ። ከኋላ ተኝቶ ምን ያይልኛል?»

ሶራ ከቀይ ቦሎቄ ጋር የተነባበረ ትኩስ የሩዝ ሕብስት በሣጥን ታቅፋ ስትመጣ ዓሣውን አየችና ሳቀች። «እሱም ሊፈተን ነው?» አለች። ከሦስታችን አንዳችንም ስለ ካሜራዋ አላሰብንም፤ አስተማሪዋ እንኳ።

ዋናው መንገድ እንደገባን መኪናዋ ጮኸች። ጢጥ፣ ጢጥ።

«ቀበቶ ያላሰረ ማን ነው?» አለ ማንሶክ።

ሁላችንም አስረናል። ሶራ አጠገቧ ያለውን ሣጥን ተመለከተች። «ሕብስቱ ነው! ከብዶ ሰው መስሏት ነው።»

«እሰሪለታ! ሕግ ለሁሉም እኩል ነው።»

ሶራ ለሕብስቱ ቀበቶ አሰረችለት። ጩኸቱ ቆመ። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ማንሶክ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ወገቡን አቅንቶ፣ ሲያዩት የሚያሳዝን ጨዋ ሆኖ ነዳ። ከኋላ ግን የሕብስቱ ሙቀት ሶራን አባብሎ አስተኛት። መንገዱም ቀጥ ያለ ነው፤ መኪናዋ ውኃ ላይ እንዳለች ጀልባ ትንሳፈፋለች። ማንሶክ ወደ ጭኔ አየ። መንደሪኖቹ እዚያ ነበሩ።

«የሶራ እናት» አለኝ ዝግ ብሎ፣ «ስንት ዓመት ለብቻሽ ላጥሽ። በባቡር አንድ ቀን አጠገብሽ ተቀምጬ አላውቅም። ዛሬ እኔ ልላጥልሽ።»

ልቤ ቅቤ ሆነ። አፌ ግን፣ «መሪውስ?» አለ።

«አረንጓዴ ናት» አለኝ።

አላየም እኮ! የገዛ ምድጃውን በጣቱ እየጠቆመ ስም የሚጠራ ሰው፣ ያን ዕለት ሰሌዳውን ዞር ብሎ አላየም። እጁን አነሣ፤ መንደሪን ያዘ። መኪናዋም አልጮኸችም። ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው።

ልጣጩን ግማሽ እንዳደረሰ መንገዱ ወደ ግራ ታጠፈ። መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። ጎማው ከጠርዙ ጎርበጥባጣ ላይ ወጣና መቀመጫችን ሁሉ ድርርርር አለ። የብረቱ አጥር ወደ እኔ በር ሲመጣ አየሁት።

«መሪው!» ብዬ ጮኽሁ።

መንደሪኑ ወደቀ፤ ማንሶክ መሪውን ያዘና መለሳት። ደግነቱ ከጎናችንም ከኋላችንም መኪና አልነበረም። ሶራ ብትት ብላ ነቅታ ሕብስቱን አቅፋለች። ማንሶክ ከፊታችን ባለው የመንገድ ማረፊያ ገብቶ ቆመ።

«አባባ፣ ቁልፉን ይስጡኝ» አለች ሶራ።

አውጥቶ ሰጣት። እንዴት መሰላችሁ? በሁለት እጁ፣ ትንሽ ጎንበስ ብሎ፣ እኛ ለታላቅ ሰው ዕቃ እንደምንሰጠው። አባት ለልጁ! የተጠበሰ ድንች ልገዛ ብዬ ወረድኩ እንጂ የራበው ሰው አልነበረም።

ድንቹን ይዤ ስመለስ ሶራ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰሌዳውን ታነባለች። «ካሜራው ተጋርዷል» ይላል ጽሑፉ፤ ትንሿ መሪም አመድ መስላለች። ቀና ስትል ዓሣው በክሩ ላይ ዞሮ ከካሜራዋ ጋር ዓይን ለዓይን ተፋጧል። የዓሣው ዓይን ፍጥጥ ብሏል፣ የመኪናዋ ዓይን ግን ምንም አያይም። ያን ጠዋት የሰማነው ጢጥታ የሕብስቱ አልነበረም ማለት ነው፤ ቀበቶው ሲታሰር መቆሙ አጋጣሚ ነበር።

«ወይኔ!» አለች ሶራ። «ሲታሰር አይቼ ሳቅሁ እኮ! አባባ፣ ጥፋቱ የዓሣው ነው ለካ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህችን ቃል እንደ ገመድ ይይዛት ነበር። ማንሶክ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«አይደለም» አለ። «ዓሣው ባይኖርም እጄን ማንሣት አልነበረብኝም። ሳላይም አረንጓዴ ናት አልኳት ለእናትሽ።»

«በባቡር ላይ ሳለህ ምልክት ሳታይ አልፈህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«አንድም ቀን።»

«ታዲያ እዚህ ጣትህ የት ሄደ?»

የድንቹን እንፋሎት እያየ፣ «መንገዱ ሐዲድ መስሎኝ» አለ። «ሐዲድ ይይዝሻል። ይኼ ግን ቀለም ነው፤ ቀለም ምን ይይዛል? የሚይዘው እጅ ነው።»

ሶራ አባቷን አየችው። አንድ ድንች ጎረሰች፤ አፏ ሞልቶ፣ «ዓሣውን ወደ ኋላ ይመልሱት» አለች። «የካሜራዋን መስታወት ይጥረጉ። እኔ ከፊት እቀመጣለሁ። የቀረውን መንገድ ልይዎትና እወስናለሁ።» ቁልፉን መለሰችለት፣ እሷም በሁለት እጇ።

እኔ ከሕብስቱ ጎን ተቀመጥኩ፤ ሁለታችንም ቀበቶ አስረን።

ማንሶክ ሞተሩን አስነሣ፣ ዋናው መንገድ ገባ፣ የመሪውን አጋዥ አበራ። ከዚያ ጣቱን ወደ ሰሌዳው ዘረጋና መስኮቱ እስኪያስተጋባ ድረስ፣ «መሪ፣ አረንጓዴ!» አለ።

ሶራ ዘለለች። «አባባ! ጣትዎ ከመሪው ላይ ይሁን!»

«በምን ልጠቁም ታዲያ?»

«በአገጭዎ!»

በአገጩ ጠቆመ። እንደ ፍየል! ከዚያ ወዲያ ዋሻ በገባን ቁጥር፣ መንገድ በታጠፈ ቁጥር፣ አገጩ ብድግ ይላል፤ «መሪ፣ አረንጓዴ! እጅ፣ አለ!» ሶራ በመጀመሪያ ሳቋን ታፍን ነበር፤ ኋላ ግን ዜማ እየሰጠች አብራው ትጠራ ጀመር።

ከተራራው ወርደን ባሕሩ ሊታየን ሲል አዲስ አስፋልት የተነጠፈበት ቦታ ደረስን። ጥቁር ሐር የመሰለ፣ ነጭ መስመር ገና ያልተቀባበት። ሶራ አፏን ልትከፍት ስትል ቀደማት።

«መሪ፣ ጠፍታለች! በእጄ!»

ትከሻውን አላነቃነቀም። ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ፣ ያንን ጥቁር መንገድ እንደ ቀጥታ ስፌት ሰፋው። መስመሩ ሲመለስና አረንጓዴዋ ስትበራ ሶራ ወንበሯ ላይ ተደግፋ በረጅሙ ተነፈሰች። እጇን ሰድዳም የአባቷን ትከሻ ጨበጥ አደረገች። እኔ ከኋላ ሆኜ ሕብስቱን በደስታ መታ መታ አደረግሁት።

ኦክቡን ደጃፍ ስንደርስ ቤቱ በዘፈን ይናጋ ነበር። እኅቴ በሰማንያ ዓመቷ ቀይ የሐር ልብስ ለብሳ ወጣች፤ ሣጥኑንም ከፈተች።

«አንቺ ጆምሬ! ሕብስቱ ለምን ተሰነጠቀ?»

«በመንገድ ደንግጦ ነው፣ እትዬ።»

«ሕብስት ደነገጠ? ባልሽ ነዳ ማለት ነው!»

«ነዱ» አለች ሶራ። «በእጃቸው ነው የነዱት። ቁልፉም ከእሳቸው ጋር ይሆናል።»

ማንሶክ ወዲያው ከመኪናዋ አልወረደም። ሞተሩን አጠፋ፤ በአገጩ ጠቁሞ፣ «ሞተር፣ ጠፍቷል!» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር ያንን ግማሹ የተላጠ መንደሪን አነሣ። አቧራውን ጠረገ፣ ልጣጩን ጨረሰ፣ ነጩን ክር አንድ በአንድ ለቀመና በመስኮት እጄ ላይ አኖረልኝ። ትንሽ ጨፍለቅ ብሎ ነበር። እንደዚያ የጣፈጠ መንደሪን እስካሁን አልበላሁም።

ዛሬ በገበያ ቀን መኪናችን ስታልፍ ብትቆሙ ትሰማላችሁ። ባልቴቶቹ ከኋላ ሆነው በአንድ ድምፅ፣ «መሪ፣ አረንጓዴ! እጅ፣ አለ!» ይላሉ፤ ፑንዮማ ከሁሉም በላይ ትጮኻለች። እኔ ከፊት ተቀምጬ መንደሪን እልጥና ለማንሶክ አጎርሰዋለሁ። የመላጡ ተራ የእሱ ሲሆን ዳር ይዞ ይቆማል።

ልጆቼ፣ ሰው የሚያግዘው መኪና አገኘ እንጂ እጁንና ዓይኑን የሚተካለት አላገኘም። ለምትወዱት ሰው መንደሪን ልትልጡ ስትሉ፣ በመጀመሪያ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። እኔ ባልኖር እንኳ፣ ልጣጩ ሲሸታችሁ ይህችን አስታውሱልኝ።