ከአረንጓዴው ቀለም ሥር

የሺዓለም የምትኖረው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ አሮጌ ፎቅ ቤት፣ በምድር ቤቱ ነው። ከላይዋ ከወሎ የመጣችው ልብስ ሰፊ ዐፊፋ ትኖር ነበር። የሚለያቸው የእንጨት ወለል ብቻ ነው። ሁለቱም ባሎቻቸውን ቀብረዋል፤ ሴት ልጆቻቸውን ድረዋል። በጾም ወራት ሽሮው ከአንድ ድስት ይወጣል፤ በረመዳን የሺዓለም ቴምር ይዛ ደረጃውን ትወጣለች።

ያጣላቸው ውሃ ነው።

ሐምሌ ላይ የሺዓለም ከጊዮርጊስ ተመልሳ ነጠላዋን ስትሰቅል፣ ከአልጋዋ ራስጌ ያለው ግድግዳ ከጣሪያው ጥግ ጀምሮ ወርዝቶ አየች። ቀለሙ አብጧል። በጣቷ ነካ ብታደርገው ፈነዳና ውሃ አወጣ። ጎረቤት ጠርታ አሳየች። የመጣው ሁሉ እየዳሰሰ፣ «ይሄማ ትኩስ ነው፤ የትናንት የዛሬ ውሃ ነው» አለ።

«ዝናቡ ይሆን እንዴ?» ያለም ነበር።

«ዝናብ ቢሆን መጀመሪያ የሚያበሰብሰው እሷን ነበር» አለች የሺዓለም፣ በአገጯ ወደ ላይ እያመለከተች።

ዐፊፋ ተጠርታ ወረደች። ግድግዳውን አይታ ደነገጠች። «እትዬ የሺ፣ የኔ ወለል እኮ ደረቅ ነው። ይውጡና በዓይንዎ ይዩት» አለች።

መውጣት ብቻ ነበር። የሺዓለም ግን አልወጣችም። ሰው ሁሉ ትኩስ ነው ብሎላታል፤ ሰው ፊት ደግሞ መሸነፍ አትወድም። «በቀን አምስት ጊዜ የምትደፊው ውሃ መሄጃው የት ሊሆን ኖሯል? እኔ ራስ ላይ ነዋ!» አለች።

ዐፊፋ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ፣ «እሺ እትዬ» አለችና ደረጃውን ወጣች።

ከማግስቱ ጀምሮ ዐፊፋ ለሶላት የምትታጠበው ግቢ ወርዳ ሆነ። ዶፍ ቢወርድም ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ትወርዳለች፤ ጉልበቷ ስለሚያማት በየደረጃው ታርፋለች። የሺዓለም እንጨቱ ሲንቋቋ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማለች። አንድ ማለዳ፣ «ተይ፣ እዚያው ቤትሽ ታጠቢ» ልትላት ተነሥታ እስከ በሩ ሄደች። ከዚያ መወርወሪያውን እንደያዘች ቆማ፣ የዐፊፋ እርምጃ ተመልሶ እስኪወጣ ጠበቀችና ተኛች።

ግድግዳው ግን አልደረቀም፤ ይባስ ብሎ ሰፋ። ለምን ብላ አልጠየቀችም። «እንጨቱ የጠጣው ነው፤ ወጥቶ እስኪያልቅ ነው» እያለች ራሷን አሳመነች።

ነሐሴ ሳያልቅ የዐፊፋ ልጅ ኢልሀም የጭነት መኪና ይዛ መጣች። እናቷን ጀሞ ወዳለው ኮንዶሚኒየሟ ልትወስዳት ነው። ዕቃው ተጭኖ ሲያበቃ ዐፊፋ የሺዓለም ደጃፍ ላይ ቆመች።

«እትዬ የሺ፣ በክፉ አያንሱኝ።»

«ደህና ሁኚ» አለች የሺዓለም።

ለመስቀል ቤቱን ላሳምር ብላ ጸጋይ የሚባል ቀለም ቀቢ ጠራች። ጸጋይ ያበጠውን ቦታ ሲፍቅ ላይኛው ክሬም ቀለም ረገፈ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ። አረንጓዴውን ሲፍቀው ጄሶ ወጣ። ከጄሶው ሥር ግን እንደ ሻይ የጠቆረ፣ ቀለበት በቀለበት ላይ የደረበ የውሃ ዕድፍ ነበር።

«እስቲ ቆይ» አለች የሺዓለም። ተጠግታ አየችው።

አረንጓዴውን ታውቀዋለች። ለልጇ ለሜላት ሰርግ የተቀባ ነው። ያኔ ላይኛው ክፍል ታሽጎ ባዶውን የነበረ ነው፤ ዐፊፋም ገና ደሴ ነበረች። ባሏ ከበደ መሰላል ላይ ሆኖ ጄሶውን እየለጠፈ፣ «የአሸንዳው ቧንቧ በግድግዳው ውስጥ ነው የሚወርደው፤ መሐል ላይ ተሰንጥቋል። ሰርጉ ይለፍና አሠራዋለሁ» ያላት ትዝ አላት። መሰላሉን ይዛለት የነበረችው እሷ ናት። ከሰርጉ በኋላ ከበደ ታመመ፤ ስለ ቧንቧው ያነሣ ሰው አልነበረም።

ደረጃውን ወጣች። ክፍሉ ገና ሰው አልገባበትም፤ በሩም አልተቆለፈም። ተንበርክካ ጥጉን በመዳፏ ዳሰሰችው። ወለሉ በሰም የተወለወለ ነው፤ አንድም ጣውላ አልጠቆረም። እዚያው እንደተንበረከከች አለቀሰች።

በማግስቱ ጀሞ ሄደች። በሩን የከፈተችው ኢልሀም ናት፤ «ይግቡ» አለችና ወደ ማድ ቤት ገባች። ዐፊፋ ግን እንግዳዋን አቅፋ ሳመቻት፤ ሻይ አስመጣችላት። የሺዓለም ሻዩን ሳትነካ ያየችውን ሁሉ ነገረቻት፤ ስለ አረንጓዴው ቀለምም፣ ስለ መሰላሉም።

«አጥፍቻለሁ ዐፊፋ። ይቅር በይኝ፤ ተመለሺልኝ።»

«ይቅር ብያለሁ እትዬ፤ ከልቤ ነው» አለች ዐፊፋ። «ቤቱን ግን አስረክቤያለሁ፤ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አሉ።» የሻዩን ብርጭቆ ወደ እንግዳዋ አስጠጋችና ቀጠለች። «ውሃውን ብቻ ቢሉኝ ኖሮ አይከፋኝም ነበር። ሶላቴን አነሡብኝ። እኔ ለእርስዎ ጾም ድስት ለይቼ የምኖር ሰው ነበርኩ።»

የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ሲደርስ ዐፊፋ ሰፊ ሳፋ አወጣች፤ ከሥሩ ወፍራም ፎጣ አነጠፈች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ እያንጠባጠበች ታጠበች።

«ኧረ መታጠቢያ ቤት አለሽ አይደል? ምን እንዲህ ያስጨንቅሻል?» አለች የሺዓለም።

«ታች ሰው አለ እኮ እትዬ» አለች ዐፊፋ፤ የጠብታውን ቦታ በፎጣው ጫፍ እያደረቀች።

ሲመሽ ኢልሀም እስከ ታክሲው ሸኘቻት። የሺዓለም እግሯን ታክሲው ላይ አድርጋ ዞር አለች።

«ልጄ፣ ሌላ ቀን ብመጣ ቅር ይልሻል?»

ኢልሀም ዓይኗን ወደ ታክሲው ሰልፍ አዞረች። «ይምጡ» አለች። «እማዬ ደስ ይላታል።»