የበሽተኛ ወተት

በእኛ አገር ቅቤ ይሸጣል እንጂ ወተት አይሸጥም። ወተት ለልጅ ነው፣ ለእንግዳ ነው፣ ለበሽተኛ ነው። እኔ ልጅም እንግዳም አልነበርኩም። ዋጋዬ የምትባለው ልጅ በየማለዳው ቅሏን ይዛ ወደ ግቢያችን የምትመጣው በሽተኛ ስለ ነበርኩ ነው።

የጥርባ አገር ልጅ ነኝ። ዳንግላ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ እዚያው በነጋዴው በጋሽ ዑስማን የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ እሠራ ነበር። ገበሬው ጤፉን፣ ዳጉሳውን፣ ገብሱን በአህያ ጭኖ ያመጣል፤ እኔ እመዝናለሁ። ቀኑን ሙሉ በእህል መሀል እውላለሁ፤ ማታ የምበላው እህል ግን ሆዴን እንደ ከበሮ ይነፋው ጀመር። አንገቴና ክንዶቼ ላይም ቀይ ሽፍታ ወጣ። ሰው ፊት ማከክ ስለማፍር በረዥም እጅጌ ሸፍኜው እውል ነበር።

ቤት ያከራዩኝ እትዬ ስሜነሽ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ደግ ሴት፣ መጀመሪያ ኮሶ ነው ብለው ኮሶ አጠጡኝ። ደግመውም አጠጡኝ። ሊወጣ የቀረው አንጀቴ ብቻ ነበር፤ ሕመሙ ግን ከነቦታው ቆየ። ከዚያ ክሊኒክ ወስደው ለሐኪም ረዳቱ፣ ለድሬሰሩ ለአቶ ምህረቴ አሳዩኝ። አቶ ምህረቴ ሆዴን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ካዳመጡ በኋላ የምበላውን ሁሉ አናዘዙኝ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ድንች፣ ጠላ። ቀደም ሲል ሌላ አገር አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩ ፈረንጅ ሐኪም እንዲህ ያለውን ሰው እህል እያስተዉ ይረዱት እንደ ነበር ነገሩኝ። እኔም ያን ሁሉ ትቼ በሥጋ፣ በዕንቁላል፣ በጎመን፣ በቅቤና በወተት እንድኖር አዘዙኝ።

እትዬ ስሜነሽ ከክሊኒኩ እስከ ቤት ሲስቁ መጡ። እህል የማይበላ ሰው አይተው አያውቁም። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ፣ ይህ ልጅ ወጡን በምን ሊጠቅሰው ነው እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ እኔ ጥቂት ራቅ ብዬ እጠብቃቸዋለሁ። ሳቃቸው ሲያበቃ ግን ለወንድማቸው ለአቶ አየነው ላኩባቸው። አቶ አየነው ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ፣ ከብት የሞላላቸው ገበሬ ናቸው። ለበሽተኛ ተብሎ ሲጠየቅ እንቢ አይባልም። ከጥምቀት በኋላ፣ በልጃቸው በዋጋዬ እጅ በየማለዳው አንድ ቅል ወተት ይልኩልኝ ጀመር።

ዋጋዬ ፀሐይ ከአጥሩ በላይ ሳትወጣ ትደርሳለች። እግሯ በጤዛ ርሶ፣ የነጠላዋ ጫፍ በጭቃ ተነክቶ። ከአክስቷ ጋር በአገውኛ እየተሳሳቁ ያወራሉ። እኔም አገውኛ እያወቅሁ፣ ለእኔ ሲሆን ግን ተማሪ ቤት ለዋለ ሰው እንደሚነገረው በአማርኛ ነበር የምትናገረኝ።

አደርክ ወይ ትላለች። ደህና እላለሁ። ተሻለህ ወይ ትላለች። ደህና እላለሁ። ከዚያ ቅሉን አያለሁ።

ባዶውን ቅል ይዛ ስለምትመለስ እርሷ ፊት መጠጣት ነበረብኝ። ቅሉ በወይራ የታጠነ ስለ ነበር ወተቱ የጢስ ጣዕም ነበረው። ቀስ ብዬ እጠጣ ነበር። እትዬ ስሜነሽ፣ ይህ ልጅ ወተትም የሚያላምጥ ነው እያሉ ያሾፉብኛል፤ ዋጋዬ ፊቷን አዙራ ትስቃለች። ለእኔ ግን ከዚያ የሚያጥር ጊዜ አልነበረም።

እህሉን በመተዌ የሆዴ መነፋት ጎደለ። ቀበቶዬን አጥብቄ ማሰር ጀመርኩ። ሽፍታው ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ረፋድ ላይም ሆዴ ይጮኻል፣ ይቆርጠኛል። እትዬ ስሜነሽ ወተቱ ገና ስላልሠራ ነው አሉ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለ ነበር ወተት የለም፤ ዋጋዬም አትመጣም። ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ቀለል ብሎኝ እነሣለሁ። ይህን የጾሙ በረከት ነው እል ነበር። አንዳንዴም፣ ለማንም ባልናገረውም፣ ዛሬ ትመጣለች የሚለው ሐሳብ ነው ያቀለለኝ እል ነበር። ትናንት ወተት ስላልጠጣህ ነው የሚለኝ ሰው በሠፈራችን አልነበረም። ወተት የሚያሳምመው ሰው ማን ሰምቶ ያውቃል?

የኀምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ ገባ። የነፍስ አባቴ ለበሽተኛ ይፈቀዳል አሉኝ። ጎረቤቱ ሁሉ በሚጾምበት ግቢ ዕንቁላል ማስጠበስ ግን እኔ የምደፍረው ነገር አልነበረም። ጾምኩ። እህሉንም እንደ ተውኩ ስለ ነበርኩ የቀረልኝ ጎመን በኑግ፣ ጥቂት ተልባና ግብጦ ነበር። ግብጦ መራራ ነው። እትዬ ስሜነሽ ቆልተው በከረጢት አስረው ወንዝ ውስጥ ያሰነብቱታል፤ ውኃው ምሬቱን ሲወስደው ያመጡልኛል። ጋሽ ዑስማን መጋዘኑ ውስጥ ስቆረጥመው እያዩ ያዝኑልኝ ነበር።

"አንተ አበረ፣ የእኛ ረመዳን እንኳ ማታ ይፈታል። አንተ ጾምን ከጾም ጋር አጋባሃትና ማታም ቀንም የለህም" ይሉኛል።

በዚያ ጾም ገላዬ ጠራ። ሽፍታው ከክንዶቼ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ረግፎ ጠፋ። ሆዴ ዝም አለ። ሌሊቱን ሳልነቃ አድራለሁ፤ ልክ በወተቱ ሰዓት ግን እነቃለሁ። ጆሮዬ የግቢው በር ላይ ነው። በሩን ነፋስ ሲነካው እነሣለሁ፣ ነፋስ መሆኑን ሳውቅ እተኛለሁ። ሰው ሁሉ ለፋሲካ የሚናፍቀው ሥጋና ቅቤን ነበር። እኔ ደግሞ በሩን።

በጾሙ አንድ ጊዜ ብቻ አየኋት፤ ገበያ፣ ከእናቷ ጋር ጌሾ ስትሸጥ። ከሩቅ እጅ ነሣሁ። አየችኝና ለእናቷ የሆነ ነገር ሹክ አለች። እኔ እጅጌዬን ወደ ታች ጎተትኩ፤ ከሥሩ የሚሸፈን ነገር እንደሌለ ትዝ ያለኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ፋሲካ ሆነ። ዋጋዬ ጠጉሯን ተቀብታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ያን ቀን ቅሉ እስከ አፉ የሞላ ነበር። አንድም ጠብታ ሳላስቀር ጠጣሁ። ፀሐይ ሳትከር ሆዴ ተነሣ፤ ማታ ሽፍታው ተመለሰ። እትዬ ስሜነሽ፣ ጾም የሰነበተ ሆድ ቅባት ሲነካው እንዲህ ያደርገዋል ብለው አጽናኑኝ። ሳምንቱ አልፎም ሲብስብኝ ወደ አቶ ምህረቴ ሄድኩ።

አቶ ምህረቴ አልተጣደፉም። በጾሙ ወራት ምን እበላ እንደ ነበር ጠየቁኝ። ከዚያ ሥጋውን ለጥቂት ቀናት ትቼ እንድመልሰው፣ ቀጥሎ ዕንቁላሉን፣ ቀጥሎ ቅቤውን እንደዚያው እንዳደርግ ነገሩኝ። ሥጋውን ተውኩ፣ መለስኩ፤ የተለወጠ ነገር የለም። ዕንቁላሉም እንደዚያው። ቅቤውም ምንም አላደረገኝ። ሄጄ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንግዲህ የቀረው ወተቱ ነው። እርሱን ደግሞ ሁዳዴ አስትቶህ ፋሲካ መልሶልሃል፤ ከዚህ በላይ ምን ምርመራ ትፈልጋለህ? ተወው በቃ" አሉኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ወተቱ አልተስማማኝም ብል ወተቱ ይቆማል። ድኛለሁ ብልም ወተቱ ይቆማል። ወተቱ ከቆመ ዋጋዬ በዚያ በር የምትገባበት ምክንያት የለም። በማግስቱ በሩ ተከፈተ። አደርክ ወይ አለችኝ። ደህና አልኩና ቅሉን ተቀብዬ ጠጣሁ።

ከፋሲካ በኋላ በዓለ ኀምሳ ነውና ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ቀድሞ የማርፍባቸው ቀናትም ቀሩ። ከሳሁ። እትዬ ስሜነሽ ደነገጡና ወንድማቸው የማታውንም እንዲጨምሩ ላኩባቸው። ዋጋዬ በቀን ሁለት ጊዜ ትመጣ ጀመር። በዚያ ሰሞን ዳንግላ ውስጥ ከእኔ የባሰ የታመመም፣ ከእኔ የበለጠ ደስ ያለውም ሰው ነበረ ብዬ አላምንም።

ጋሽ ዑስማን ሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብዬ ሆዴን ስይዝ አዩኝ። ለተሸካሚዎቹ፣ ልጁ ወተት የሚጠጣ መስሎታል እንጂ ወተቱ ነው እርሱን እየጠጣው ያለው አሏቸው፤ ሳቁብኝ። ሰዎቹ ሲወጡ ግን ቀረብ ብለው ወተቱን ማን እንደሚያመጣልኝ ጠየቁኝ። የእትዬ ስሜነሽ የወንድም ልጅ መሆኗን ነገርኳቸው። "እ" አሉ። ረዥም "እ" ነበር።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ጠዋት ዝናብ አካፋ። እትዬ ስሜነሽ ለቅሶ ሄደዋል። ዋጋዬ ስትገባ እኔ ደጃፉ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ መደቡ ላይ ነበርኩ። ስታከክ ያደርኩበትን እጅጌ እንደ ሰበሰብኩት ረስቼዋለሁ። ክንዴን አየች። ቅሉን ይዛ ቆመች እንጂ አላቀበለችኝም።

ከትናንት ወዲህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ማታ ከጠጣሁ በኋላ ነው አልኳት። አፌ አመለጠኝ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገውኛ ተናገረችኝ። ዓምና አንዲት ጥጃ የገዛ እናቷ ወተት ሆዷን እያስቀመጣት ልትሞትባቸው ነበር አለች፤ ከጡት ሲለዩዋት በሣሩ አደገች፤ ላሚቱንም የወቀሰ ሰው አልነበረም። እኔም ያን ያህል የቀለለ ነገር መሆኑን ሰምቼ አቀረቀርኩ።

"መቼ ነው ያወቅኸው?" አለችኝ።

"ከፋሲካ ወዲህ።"

"ታዲያ ለምን ትጠጣለህ?"

ዝናቡ ከክዳኑ ላይ ይንጠባጠባል። መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ ሌላ ብፈልግም አላገኘሁ።

"ካልጠጣሁ አትመጪማ።"

አልሳቀችም። እኔ ይህን ስል ትስቃለች ወይም ተቆጥታ ትወጣለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። የቅሉን ክዳን እንደ ገና አጥብቃ ገጠመችና ወደ በሩ ሄደች። ደፉ ላይ ስትደርስ ዘወር ሳትል ተናገረች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

"አበረ፣ ለበሽተኛ ወተት ይሰጣል፤ ልጅ ግን አይሰጥም።"

የተናገረችው እስኪገባኝ ድረስ የግቢው በር ተዘግቶ ነበር። ለማታው አልመጣችም። በማግስቱም አልመጣች። እትዬ ስሜነሽ ከለቅሶው ሲመለሱ፣ ልጁ ስለ ተሻለው ወተቱ ይቁም የሚል መልእክት መንገድ ላይ እንደ ደረሳቸው ነገሩኝ፤ ማን እንዳለም አልገባቸውም። እኔ ግን ማን እንዳለ አላጣሁትም።

ክረምቱ ገባ። ወንዙ ሞላ፤ ከማዶ የሚመጣ ሰው አነሰ። እኔ ዕንቁላሌንና ጎመኔን በቅቤ እየበላሁ ዳንኩ። ገላዬ ንጹሕ ሆነ፣ ጉንጬ ሞላ፤ ተሸካሚዎቹ ኩንታል ሲያወርዱ አብሬያቸው አነሣ ጀመር። ግን አልጋዬ ውስጥ ሆኜ የወተቱ ሰዓት ሲያልፍ እሰማዋለሁ። ቀድሞ ሳያት ያመኛል፤ አሁን ሳላያት ነው የምድነው። በየቀኑ ትንሽ እየዳንኩ በሄድኩ ቁጥር ወደ እርሷ ትንሽ የቀረብኩ ይመስለኛል። ሆኖም የጭቃ ዱካዋ ከደጃፉ ላይ ከጠፋ ስንት ጊዜው። ከዝናቡ ጋር ያለው ዝምታ አንዳንድ ጠዋት ከሽፍታው ይብስብኝ ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ዑስማንን ሽማግሌ የሚላከው ስንት ሰው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሳያዩኝ እህሉን በጣታቸው እያገላበጡ መለሱልኝ። አባቴ ሞተዋልና አጎቴ ከጥርባ ይምጣ፤ አንድ ቄስም ይጨመር፤ ሦስተኛው እርሳቸው ራሳቸው ይሆናሉ፤ አቶ አየነው ዳጉሳቸውን የሚሸጡት ለእርሳቸው ነውና አያሳፍሯቸውም አሉ። መሬቱ ከመስቀል በኋላ ሲጠና እንሄዳለን አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ "የምትበላውን ግን አስቀድመን አንነግራቸውም። እንጀራም ወተትም የማይቀምስ አማች ሰው ያስደነግጣል" አሉኝ። እርሳቸው ሳቁ፤ እኔ ግን ያን ነገር ይዤው አደርኩ።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ዝናቡ ሁለት ቀን ጋብ አለ። እትዬ ስሜነሽ ወንዙን ተሻግረው ወንድማቸውን ጠይቀው ማታ በጭቃ ተለውሰው ተመለሱ። እግራቸውን እያጠብኩ ወሬውን ሰማሁ። ላሞቹ ደህና ናቸው፤ በቆሎው አሽቷል። አቶ አየነው፣ ያ በሽተኛ ልጅ እንዴት ሆነ ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። ድኗል፣ ኩንታል ያነሣል ብዬ ነገርኩት አሉኝ።

ዋጋዬስ አልኳቸው። ስሟን በአክስቷ ፊት ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። እትዬ ስሜነሽ ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔ ውኃውን አየሁ።

"ዋጋዬማ ምንም አላለች" አሉ ቀስ ብለው። "ብቻ ከጓዳ ወጥታ፣ አክስቴ ምን አልሽ፣ አልሰማሁም አለችኝ። ድኗል አልኩ ብዬ ደግሜ ነገርኳት። የፊተኛውንም ጮክ ብዬ ነበር የተናገርኩት።"

ከዚያ በኋላ ዝናቡ እንደ ገና ጀመረ። ለመስቀል ገና ብዙ ቀን ነበረ።