የማያስቀምጠኝ ስልክ

ከዚህ በታች ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘች፣ እስከ ዛሬ የጠገንኩት ሊፍት ሁሉ እኔን ይዞ በሁለት ፎቅ መካከል ይቁም። ተራ መሐላ እንዳይመስላችሁ። እዚያ መካከል ቆሜ አውቃለሁ፤ ሽንት ሲመጣ ማንም አይደርስልህም።

ሥራዬ ሊፍት መጠገን ነው። በዚህ ከተማ የእኔ እጅ ያልነካው ሊፍት ካለ ገና ያልተገጠመ ነው። አንዳንዶቹማ ኮቴዬን ከውጭ ሲሰሙ ቁልፍ ሳልነካ በራቸውን ይከፍቱልኛል። ሕመማቸውን ለማወቅ እንኳ ቦታው ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም፤ «ስልኩን ወደ በሩ አስጠጋው» እልና ለአፍታ አዳምጬ፣ «ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው ሐዲድ ቅባት ጠምቶታል» ብዬ ቁርጡን እናገራለሁ። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው ስልክ ደግሞ መቼም አያርፍም። መሥሪያ ቤታችን በቅርቡ አንድ አዲስ ቴክኒሻን ቀጥሮ የማታ ተረኛ አድርጎታል። ለወጉ ነው። ሰው ሲጨንቀው ማንን እንደሚጠራ የታወቀ ነው።

ቤታችን ውስጥ ያለው ጠረጴዛ አንድ ነው። ግማሹ ላይ የባለቤቴ የስፌት መኪና ተቀምጧል፣ ግማሹ ላይ እንበላለን። እሷ ልብስ ሰፊ ናት። የእሷም ስልክ ይጠራል፤ «ቀሚሴ ደረሰ ወይ?» የሚል ሰው መቼ ይጠፋል? እሷ ግን የመኪናዋን መብራት አንዴ ካጠፋች አበቃ። ስፒሎቿን በከንፈሯ እንደያዘች ስልኩን አየት ታደርገዋለች፣ ጠርቶ ጠርቶ ይደክመዋል። ለእሷ ቀላል ነው አልኩ፤ ቀሚስ ስለዘገየ በሁለት ፎቅ መካከል የሚንጠለጠል ሰው የለም።

ልጃችንን «መርማሪዋ» ነው የምንላት። ውኃ ለምን ያረጥባል ብላ የጠየቀች ልጅ ሌላ ስም አይገባትም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጣ፣ ቅዳሜ ትርኢት አለ አለችን፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከወላጁ ጋር ሆኖ የወላጁን ሥራ በካርቶን ሠርቶ ያሳያል፣ ወላጁም አብሮ ይቆማል። ከእናቷ ሥራና ከእኔ ሥራ የእኔን መረጠች። ደረቴ ከመንፋቱ የተነሳ የሸሚዜ ቁልፍ ተወርውሮ መስኮቱን ሊሰብረው ነበር። ቁልፉን የሰፋችልኝ ባለቤቴ ምስክር ናት።

ሥራው ተጀመረ። የጫማ ካርቶን በካርቶን ላይ ደርድረን ፎቅ አቆምን። ክር ያለቀበት የእናቷ ማጠንጠኛ ገመዱ የሚያልፍበት መዘውር ሆነ። ተሳፋሪዋ ፀጉሯን ራሷ መርማሪዋ የላጨቻት አሻንጉሊት ናት።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ገና መቀሱን ስነካ ስልኬ ይጠራል! ብድግ ብዬ ወደ በረንዳ እወጣለሁ። ተመልሼ ሙጫውን ሳነሳ እንደገና። ሌላ ሰው ቢሆን ይራገም ነበር፤ እኔ ግን የተመራማሪ አእምሮ ስላለኝ ማወቅ ፈለግኩ። ስልኩ መቀመጤን በምን ያውቃል? ዱቄት ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት፣ ከዱቄት ሥር ጠራ። ጫማ ውስጥ ከተትኩት፣ ጫማው እየተራመደ መጣ። በመጨረሻ ትራስ ሥር አድርጌ ራሴ ተቀመጥኩበት፤ እስከ ጀርባዬ ድረስ ነዘረኝ። ባለቤቴ ዱቄት የለበሰውን ስልክ አየች፣ እኔን አየች፣ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

መርማሪዋ ግን አላለፈችኝም። «አባዬ፣ እኔ ሲጠራ አልሰማሁም» አለችኝ። የባለሙያ ጆሮና የሰው ጆሮ አንድ እንዳልሆነ አስረዳኋት።

የደዋዮቹም ነገር ራሱን የቻለ ምርምር ነው። የባንኩ ሕንፃ ዘበኛ «ሀሎ» ካለ በኋላ፣ «ኢንጂነር፣ ምነው በደህና?» ይለኛል። ኢንጂነር የሚለኝ አክብሮ ነው። ደዋዩ እሱ፣ ምን ሆንክ ባዩም እሱ! ድምፄን ሲሰማ ከመደንገጡ የተነሳ ለምን እንደደወለ ይጠፋዋል። ሊፍቱስ እለዋለሁ፣ ይሄዳል ይለኛል። ሲሄድ ድምፅ አለው ወይ ስለው፣ ኧረ ደህና ነው ይላል። እስኪ አስጠጋልኝ እለዋለሁ፤ ጨዋ ሰው ስለሆነ ያስጠጋልኛል። ደህና የሚሄድ ሊፍት ደግሞ ከሁሉ የባሰ አደገኛ ነው፣ በሽታውን ይደብቃል። ምክር ለግሼ ስመለስ መርማሪዋ አንድ ፎቅ ብቻዋን ለጥፋ ትቆየኛለች።

እንዲህ እያልን ዓርብ ደረሰ። ፎቁ አልቋል፣ ቀለም ተቀብቷል፣ የበሮቹ ቁጥር ተጽፏል። ሊፍቱ ግን አይቆምም። መርማሪዋ ክሩን ስትስበው የሊፍቱ ሳጥን ይወጣል፣ ስትለቀው አሻንጉሊቷን እንደያዘ ዱብ። ክሩን በጣቷ እንደጠመጠመች ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ለምንድን ነው የሚወድቀው?»

መልሱን በእንቅልፌ እንኳ አውቀዋለሁ። አፌን ልከፍት ስል ስልኬ ጠራ። «አንዴ» ብያት ወጣሁ። ምን ላድርግ? አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ቡድን ከነአሰልጣኙ፣ ከነተጠባባቂው ሊፍት ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። በረኛው እያለቀሰ ነው። በድምፄ ብቻ አሰልፌ፣ ግራና ቀኝ አመዛዝኜ፣ በሰላም አወረድኳቸው። ስመለስ መርማሪዋ ክሩን አስቀምጣ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ስለ ሊፍቱ እንደገና ትጠይቀኛለች ብዬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። አልጠየቀችኝም። ውኃ ለምን ያረጥባል ያለች ልጅ! ይህን ያህል ዓመት የተቀረቀረ ሰው ሳወጣ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ቆረጥኩ። ታጥቤ፣ ተላጭቼ፣ በካርቶኑ ሕንፃ ፊት ቆምኩ። «ልጄ ሆይ» አልኳት፣ «የሊፍት ምስጢር ከጀርባው ነው። ሳጥኑ ሲወጣ የሚወርድ፣ ሳጥኑ ሲወርድ የሚወጣ ክብደት ከክሩ ሌላ ጫፍ መንጠልጠል አለበት። ያለ እሱ የዓለም ሞተር ሁሉ ቢሰበሰብ ከንቱ ነው።» ቤቱን በዓይኔ ቃኘሁ። ማንኪያው ይቀላል፣ መቀሱ ይከብዳል። ከዚያ ኩላሊቱን እንደሚሰጥ ሰው፣ በገዛ እጄ ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ፣ በመርማሪዋ ካልሲ ውስጥ ከተትኩት፣ ከክሩ ሌላ ጫፍ ላይ አሰርኩት። ሳጥኑ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። የባለቤቴ መርፌ ከእጇ ወደቀ። ሲወድቅ ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮዬን ታውቁታላችሁ።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የጥርስ ሐኪሙ ከጄሶ የተሠራ ጥርስ ይዞ መጥቷል፣ ሾፌሩ የካርቶን አውቶቡስ። ማን ዞር ብሎ ያያቸዋል? ሰዉ ሁሉ እኛ ጋ ነው። ስልኬ ካልሲው ውስጥ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሲጠራ ዋለ፤ በነዘረ ቁጥር አሻንጉሊቷ ያለ ማንም እጅ አንድ ፎቅ ትወጣለች። ርዕሰ መምህሯ አጨበጨቡ። የጥርስ ሐኪሙ ለመሳፈር ተራ ያዘ። አንዴም አላነሳሁትም።

የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴ ጆሮዬን ነክቶ ተቀምጬ ነበር። መርማሪዋ አጠገቤ ናት። መብራት ሲጠፋ ሊፍት ያውቃል ወይ አለችኝ። ብቻዬን ጉድጓዱ ውስጥ ስገባ እፈራለሁ ወይ አለችኝ። ሊፍት ይደክመዋል ወይ? ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሳስበው፣ ይደክመዋል። በየትኛው ፎቅ ላይ እንደሚያቃስት፣ ጠዋት ጠዋት ቶሎ እንደማይነቃ፣ ብዙ ነገር ነገርኳት። ያን ያህል ማወቄን እኔም አላውቅም ነበር።

ታሪኩ ይኸው ነው። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ቀሚስ እየዘመዘመች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ ለደንበኛ እንኳ የማታደርገውን አደረገች፤ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች።

«ስለ ክብደቱ አንተ አልነገርካትም» አለች ቀስ ብላ። «ራሷ ናት የደረሰችበት። ማንኪያ አሰረች፣ መቀስ አሰረች። ስልክህን ስታስረው አንተ ገላህን እየታጠብክ ነበር።»

«ይሁን፣ አዳራሽ ውስጥ ግን ሲጠራ ሰምተሻል።»

«አልጠራም። ያን ቀንም አልጠራም፣ ከዚያ በፊትም አልጠራም። ማታ የሚደውሉት ለአዲሱ ቴክኒሻን ነው። አንተ ነህ የምትደውልላቸው።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ወደ ከንፈሯ መለሰች። የመጨረሻዋ ግን በጣቷ ቀረች።

«መጀመሪያ የእኔን ስልክ ልታስር ነበር» አለች። «ይጠራብኛል ብላ ተወችው።»