በማሽኑ ሆድ የተቆለፈ ጉልበት

ሉዝቪ ማኒላ ውስጥ የአንድ ባንክ ትልቅ ኮምፒውተር ኃላፊ ናት። ደመወዝ በተከፈለ ቁጥር ማሽኑ እየተንቀራፈፈ፣ ምስኪን፣ የአለቃዋን ስድብ ስትጠግብ ከርማለች። ማሽኑን የሸጠላቸውን ዲንዶን፣ የልጇን የክርስትና አባት፣ «አበልጄ፣ መላ የለውም?» ብላ ብትለምነው፣ «አቅሙ ይኸው ነው፤ አዲስ ግዙ። እኔን ካላመንሽ ማንን ልታምኚ?» አላት።

ዛሬ ዲንዶ አሞት በእሱ ፈንታ የመጣችው ቴክኒሻን አንድ የፈቃድ ቁጥር አስገባች። ማሽኑ ወዲያው ፈጠነ።

«ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም፣ እትዬ። ግማሹ ጉልበት ከመጀመሪያውም ውስጡ ተቆልፎ ነበር። ለችግር ጊዜ መክፈቻው በነጻ ይሰጣል እኮ።»

«ዲንዶ ያውቃል?»

«የቆለፈው እሱ አይደል እንዴ?»

የሉዝቪ ስልክ ጠራ፤ ዲንዶ ነው። «አበልጅ፣ ተሽሎኛል። ለእሁዱ የክርስትና ልጄ ልደት የድግሱን ኑድል፣ ፓንሲቱን፣ እኔ ላሠራ?»



«ይቅርብዎ፣ አቶ ዲንዶ» አለችው ሉዝቪ። «ድግሱ ለቤተሰብ ብቻ ነው።»