የማይራገጠው መድፍ

ነሐሴ ነበር፤ የኖኅን ዝናብ እንደ ካፊያ ያስቆጠረ ነሐሴ። ከወልድያ የሸሸው ወደ መርሳ ይወርዳል፣ ከመርሳ የሸሸው ወደ ወልድያ ይወጣል። ሁለቱ መንገድ ላይ ይገናኙና «ወዴት ነው?» ይባባላሉ፤ ከዚያ ግማሹ ከግማሹ ተቀላቅሎ ወደ መጣበት ይመለሳል። ማን ከማን እንደሚሸሽ የሚያውቅ ሰው ከአላህ በታች አንድ ብቻ ነበር፦ የበቅሎ ደላላው ሲራጅ። እሱም አያውቅም፤ ግን ይናገራል።

ሲራጅ ያላሻሻጣት በቅሎ በሐብሩ ምድር ገና አልተወለደችም። ሐራ ላይ የባቡር ሐዲድ ሲሠራ ጭቃ የዋጠውን ዶዘር በአንዲት በቅሎ ጎትቶ አውጥቷል። ይህን የነገረን ራሱ ስለሆነ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ከሁሉም በላይ የሚደንቀው ግን ይህ ነው፤ ደላላ ከሆነበት ቀን አንሥቶ «ትራገጣለች» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። የአንዱን ገዢ የፊት ጥርስ ያረገፈችውን እንኳ «ጨዋታ ትወዳለች» ብሎ ነው የሸጣት። በገበያ ቋንቋ «አትራገጥም» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ልጅህን ከኋላዋ አስቀምጥ፣ ጅራቷን ጎንጉን፣ ከፈለግህም እዚያው ተኛ ማለት ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት «ጦሩ ሲሪንቃ ደርሷል» ተባለ። ሚሊሻዎች ከሲራጅ ቤት በላይ ባለችው ጉብታ ላይ ባለ ሁለት ጎማ ረጅም መድፍ አምጥተው አፉን ወደ ሲሪንቃ መንገድ አዞሩት። ስሙ ቢ-ቴን ነው። አዛዡ አሥር አለቃ አዳነ በደርግ ጊዜ ይህንኑ መሣሪያ ሲተኩሱ ኖረው፣ ከእርሻቸው ተጠርተው የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው።

ሲራጅ መድፉን እንደ በቅሎ ዞሮ ዞሮ አየው። አፉን አየ፤ ጥርስ የለውም። ጎኑን መታ መታ አደረገው። ከዚያ የሙያውን የመጀመሪያ ጥያቄ ጠየቀ።

«ይራገጣል?»

«አይራገጥም» አሉ አሥር አለቃው በኩራት። «ሌላው መድፍ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይፈናጠራል። ይሄ ንቅንቅ አይልም። የተፈጠረውም ለዚሁ ነው።»

ለሲራጅ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል? ቁልቁል ወደ ሠፈሩ በረረ።

«የሠፈር ሰው! ከዚህ ወዲያ መሸሽ ውርደት ነው! የማይራገጥ መድፍ መጥቶልናል! ከፊቱ ጦር አለ፣ ከጎኑ መንገድ አለ፣ ከኋላው ግን ጀነት ነው!»

ሰው በጭንቅ ቀን እርግጠኛ ድምፅ ይወዳል። ሴቶቹ ጓዛቸውን ይዘው ወጡና ከመድፉ ኋላ ባለው የቅንጭብ አጥር ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። የሲራጅ ሚስት መሪማ የአማቷን የእማማ ዓቢዳን ክንድ ይዛ፣ አሮጊቷን ደግፋ መጥታ፣ መሐል ላይ ጥሩውን ቦታ ያዘች። ቅንጭቡ ጥቅጥቅ ያለ ነውና ከመድፉ በኩል አንድ ሰው አይታይም።

ሲራጅም ምስጋናውን ሊቀበል ወደ አሥር አለቃው ተመለሰ።

«ለመሆኑ አሥር አለቃ፣ ይሄን ያህል ብረት እንዴት ሳይራገጥ ይቀራል? እኔ የማውቀው ፍጡር ሁሉ ባይራገጥ እንኳ ለመራገጥ ያስባል።»

አሥር አለቃው ይህን ጥያቄ አርባ ዓመት ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ጥይት ሳጥኑ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

«እኛን ያሠለጠነን ሩሲያዊ ነው፤ የገባኝን ያህል ልንገርህ። መጀመሪያ ነገሩን ያሰበው አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ነበር። አውሮፕላን ላይ መድፍ ሊሰቅል ፈለገ። መድፉ ከተራገጠ ግን አውሮፕላኑን ይሰብረዋል። ምን አደረገ? ሁለት መድፍ ጀርባ ለጀርባ ገጠመ።»

«አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ?»

«እህ። አንድ ላይ ይተኮሳሉ። ያኛው ይሄኛውን ሊረግጥ፣ ይሄኛው ያኛውን ሊረግጥ ሲሉ ርግጫቸው እርስ በርሱ ይጠፋፋል።»

ሲራጅ ሁለት በቅሎዎች ቂጥ ለቂጥ ታስረው ሲራገጡ በዓይነ ኅሊናው ታየው። አልጠቀመውም።

«የፊተኛው ጠላትን ይመታል። የኋለኛው ማንን ይመታል?»

«ማንንም። ግሪስና የእርሳስ ፍንጣሪ ነው የሚተፋው።»

«ይተፋል?»

«ክብደት ነዋ! ወደ ፊት የሄደውን ያህል ወደ ኋላ ካልሄደ መድፉ ራሱ ይሄዳል። በኋላ ሌሎች መጡና ግሪሱ ለምን አስፈለገ አሉ። ጋዙ ራሱ በኃይል ከወጣ ይበቃል። የኋላውን በር ከፈቱት። አሜሪካኖቹ ቀለሁን እንደ ወንፊት በሱት፤ መድፉ ቀለለና ሰው በትከሻው ይዞት ሄደ። ሩሲያዎቹ ደግሞ ይሄን ባለ ጎማውን አመጡ።»

ሲራጅ ጭንቅላቱን አከከ። ከተናገሩት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እንደ እሾህ ተሰክቶበት ቀረ።

«አሁን… ከኋላው የሚወጣ የለም ማለት ነው?»

«አሁን እሳት ብቻ ነው» አሉ አሥር አለቃው። «ከፊት ካለው የማያንስ እሳት። ግን ከኋላዬ ያ አጥር ነው ያለው፤ ምን ቸገረኝ!»

ሲራጅ ዞሮ ቅንጭቡን አየ። እናቱና ሚስቱ ያሉት ከዚያ ጀርባ ነው። አይራገጥም። ስለማይራገጥ ከኋላ ይገድላል። የሚራገጥ ቢሆን ኖሮ ከኋላ አይገድልም ነበር። ይህን ሦስት ጊዜ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አሰበው፤ ሦስት ጊዜም ተምታታበት።

ያን ጊዜ ከታች ያለው ጠባቂ «መኪና! መኪና በመንገዱ ይመጣል!» ብሎ ጮኸ። አሥር አለቃው ጥጥ አውጥተው ጆሯቸውን ወተፉና ማነጣጠሪያው ላይ ተደፉ። ሌላው ሚሊሻ ጥይቱን አጎረሰ።

«አሥር አለቃ! ይቆዩ! ሰው አለ!»

«ምን?»

«ሰው!»

«አዎ፣ መኪናው ላይ ሰው አለ፤ አይቼዋለሁ!»

ሲራጅ ሮጠ። ያቺን ጥቂት ርቀት ሲሮጥ የወልድያ ባጃጅ ሁሉ ተሰብስቦ አይደርስበትም።

«ተነሡ! ከዚህ ተነሡ! መድፉ ወደ ኋላም ይተኩሳል!»

ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል፣ ሳቅ ፈነዳ።

«ወደ ኋላ?» አለች መሪማ። «አንተ ሰውዬ፣ ዶዘሩ አነሰህና መድፉን በቂጡ ልታስተኩስልን ነው?»

«ወላሂ መሪማ! አሜሪካን አገር ሁለቱን ቂጥ ለቂጥ አስረው፣ ግሪስ ቀብተው…»

«ያ ረቢ፣ ልቡ ጠፋ!»

እማማ ዓቢዳ በትራቸውን ወዘወዙበት። «አሁን አይደል ጀነት ነው ያልከን? እኔ ጉልበቴ አልቋል ልጄ። ጀነት ከሆነ እዚሁ እቀመጣለሁ።»

«እማ፣ ይነሡልኝ! እሳት ነው የሚወጣው!»

«ዝናብ እየዘነበ ምን እሳት አለ?»

እውነቱን ተናግሮ የሚያምነው አጣ። ዕድሜውን ሙሉ ከተናገረው ሁሉ ትልቁ ውሸት የሚመስለው ይኸው እውነት ነበር። ቢያስረዳ እሱ ራሱ አልገባውም። ቢምል መሐላው አልቆበታል። ከአጥሩ ማዶ «ተዘጋጅ!» የሚል ድምፅ ሰማ። እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ። ከዚያ ደላላ ከሆነ ጀምሮ ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን ቃል በግድ ተፋው።

«ይራገጣል!»

የእማማ ዓቢዳ በትር አየር ላይ ቀረ።

«ምን አልክ?» አለች መሪማ።

«ይራገጣል አልኩ! እኔ ሲራጅ ነኝ የምላችሁ፤ ይ-ራ-ገ-ጣ-ል!»

የመሪማ ፊት ዐመድ መሰለ። ጥርስ ያረገፈችውን «ጨዋታ ትወዳለች» ያለ ሰው ይራገጣል ካለ፣ ያ ነገር ምን ቢሆን ነው? አማቷን እንደ ጤፍ ጆንያ ጀርባዋ ላይ ጣለችና ወደ ጎን በረረች። ጓዝ ተጣለ፣ ነጠላ ተጣለ። አጥሩ ሥር ከጓዙና ከአንዲት ጀበና በቀር ማንም አልቀረም።

መድፉ ተተኮሰ።

ስለ ድምፁ ባልናገር ይሻላል፤ ጅቡቲ ባሕር ውስጥ ያለ ዓሣ ጆሮው እስከ ዛሬ ይጮኽበታል ቢባል የሚያምን የለም። ጭሱ ሲገለጥ ቅንጭቡ መሐሉ ላይ በር ያህል ተቦድሶ፣ ዳሩ ጠቁሮ ይጨሳል። ጀበናዋ የለችም። መድፉ ግን ጎማው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

«አየህ?» አሉ አሥር አለቃው ጥጡን ከጆሯቸው እያወጡ። «አይራገጥም አላልኩህም?» ይህን ብለው ዞሩና በተቦደሰው አጥር በኩል የተበተነውን ጓዝ አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። «እዚህ… ሰው ነበር እንዴ?»

ሲራጅ ጭቃው ላይ ተቀምጧል።

«ታዲያ ልጄ» አሉ እማማ ዓቢዳ ከመሪማ ጀርባ ላይ ሆነው፣ «ይራገጣል ወይስ አይራገጥም?»

«እኔ እንጃ፣ እማ።»

መሪማ ዞራ ባሏን አየችው። «እኔ እንጃ» ሲል ስትሰማው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። አማቷን ከጀርባዋ አወረደችና በቀሚሷ ጫፍ ፊቱ ላይ ያለውን ጥላሸት ጠረገችለት።

ቢ-ቴን አንዴ ከተኮሰ ጭሱ ያለበትን ያሳብቃል፤ ቶሎ ቦታ መቀየር አለበት። የተተኮሰበት መኪና ዞሮ ሸሽቷል፤ መድፉን የሚጎትት መኪና ግን አልነበረም። አሥር አለቃው ግቢው ውስጥ የታሰረችውን የሲራጅን ዳማ በቅሎ አይተው፣ ገመድ ይዘው ከኋላዋ ዞሩ።

«ሲራጅ፣ ይቺ በቅሎህ ትራገጣለች?»

ሲራጅ አፉን ከፈተ። መልሱ እንደ ወትሮው ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ወደ ተቦደሰው ቅንጭብ አየ፤ ከዚያ ወደ እናቱ።

«አሥር አለቃ» አለ፣ «ከኋላዋ ዞር ይበሉልኝ።»